ውሃ የደፋው ሰውዬ

የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ጄሪካኑን ከአባቴ እጅ ነጠቀ፣ ክዳኑን ፈታና ዘቀዘቀው።

የሞላ ጄሪካን ሲደፋ ቶሎ አያልቅም። አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ውሃው እየተናነቀ፣ ጉርር ጉርር እያለ ነው የሚወጣው። ያ ሁሉ እስኪያልቅ አባቴ ቆሞ ነበር። ውሃው በሲሚንቶው ላይ ተንሸራቶ ነጠላ ጫማውን አራሰው፤ እግሩን እንኳ አላነሳም። እኔ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ስለነበር ሁሉንም አየሁ፣ ሁሉንም ሰማሁ።

"ሌባ!" አለው ሰውዬው። "በዚህ ዕድሜህ አታፍርም? እዚህ ግቢ በሥርዓት ነው የሚኖረው። በሥርዓት!"

"አንተ" ነው ያለው። አባቱ ሊሆን የሚችለውን ሰው፣ "አንተ"።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላስታውስም። ስደርስ ሰውዬው ቧንቧውን ቆልፎ ወደ ቤቱ እየገባ ነበር። የጎረቤቱ መስኮት ሁሉ ተከፍቷል። አባቴ ባዶውን ጄሪካን አንስቶ፣ ጎንበስ ብሎ ክዳኑን ይፈልጋል። ልጮህ አፌን ስከፍት ክንዴን ያዘኝ።

"ተይ" አለኝ። "እንሂድ። ሰው እያየን ነው።"

የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው፤ አባቴና እኔ ብቻ። እናቴ ይህን ቤት ሳታየው ነው ያረፈችው። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ ሲመጣም ወደ ላይኛው ፎቅ የመውጣት ጉልበት የለውም። ስለዚህ የብሎኩ ነዋሪ ተባብሮ ከሕንፃው ጀርባ ትልቅ ሮቶ አስቀመጠ። የሮቶው ቁልፍ የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋ ነው የሚቀመጠው። ሰብሳቢው የሚኖረው የሕንፃው ምድር ወለል ላይ ነው፤ የእሱ ቧንቧ ደርቆ አያውቅም። አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሎ፣ በሱፍ ኮቱ ላይ ጋቢ ደርቦ ይወጣል። ፊሽካ ነፍቶ ይከፍታል፣ ፊሽካ ነፍቶ ይዘጋል። በመሀል ያለው ጊዜ እንደ ፊቱ ነው፤ ደስ ካለው ይረዝማል፣ ከከፋው ሰልፉ ሳያልቅ "በቃ!" ይላል። የሚያጎበድድለት ሰው ግን ከሰዓት ውጪም ይቀዳል። ይህን የማያውቅ የብሎካችን ነዋሪ አልነበረም።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። የግራ ጉልበቱን ፍሪሲዮን መርገጥ በልቶታል። ሰልፍ ሲሰለፍ ደረጃው ላይ ከኋላው ያለውን ሰው ስለሚያዘገይ ያፍራል። ያን ቀን ቤት የነበረችውን ውሃ እኔ ልብስ አጥቤባት ጨርሻት ነበር። አባቴ ሳይነግረኝ ወረደ፤ ቧንቧው ሳይቆለፍ ተረስቶ አገኘው፤ ሰልፍ ሳይጀመር አንድ ጄሪካን ልቅዳና ቀስ ብዬ ልውጣ አለ። ስርቆቱ ይህ ነው። የስንቱን አገር ጭነት ሳያጎድል ሲያደርስ የኖረ ሰው ግማሽ መንገድ ያላለፈ ጄሪካን ይዞ ሌባ ተባለ።

ከዚያ በኋላ አባቴ ከቤት አልወጣም። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወ። ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ዳማ የሚጫወትበት ቦታ ነበረው፤ እሱንም ተወ። "ጉልበቴን አሞኛል" ይላል። እኔ ሕመሙ ጉልበቱ ላይ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

መጀመሪያ በደንቡ ልሄድበት ሞክሬያለሁ። ሰውዬው ጋ ወረድኩ፤ በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። "አባቴን ይቅርታ ይጠይቁልኝ" አልኩት፣ አንቱ ብዬ፣ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ።

ሳቀብኝ። "አንቺ ልጅ፣ ይቅርታ የሚጠይቀው የሰረቀ ነው ወይስ የተሰረቀ?"

ቢቸግረኝ ሽማግሌ ላክሁ። ከብሎኩ ሦስት የተከበሩ ሰዎች፣ ከሁሉም ጋር የሚስማሙ፣ ለቅሶ ላይ ቀድመው የሚገኙ። እሑድ ረፋድ ላይ ለስብሰባና ለሐዘን በምንጠቀምበት የጋራ ቤት ተሰበሰብን። ሽማግሌዎቹ ግራ ቀኙን ሰሙ። ከዚያ ዋናው ጉሮሮውን ጠረገና "ቂም ተይዞ ጸሎት፣ ሳል ተይዞ ስርቆት አይሆንም" አለ። ሰብሳቢው ቢቆጣም ለብሎኩ ብሎ ነው፤ አባባም ያለ ሰዓታቸው መቅዳታቸው ልክ አልነበረም፤ ስለዚህ ለሰላም ሲባል ሁለቱም ይቅር ይባባሉ። ዕድሜ ስለሚቀድም አባባ ይጀምሩ።

ዕድሜ ስለሚቀድም! ሲያዋርዱት ያልቀደመ ዕድሜ ይቅርታ ላይ ቀደመ።

አባቴ ተነሳ። በዚያ ጉልበቱ ጎንበስ አለና "ይቅር በለኝ" አለው። ሰብሳቢው ከወንበሩ ሳይነሳ ትከሻውን መታ መታ አደረገውና "እሺ፣ እሺ፣ ይቅር ብያለሁ" አለ። የራሱን ተራ ማንም አልጠየቀውም። ሽማግሌዎቹ "እልል በሉ እንጂ" አሉ፤ አንዲት ሴትዮ እልልታ ጀመረች። ያቺን እልልታ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ቆሞ የተመለከተውም አይረሳም።

ሥራዬ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ አንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው። የሠርግ ካርድ፣ ባነር፣ የሙት ዓመት መታሰቢያ እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው ደስታና ሐዘን ሳሳምር እውላለሁ። ከዚያ የተረፈኝን ሰዓት ለራሴ የምሰጠው ነገር ነበረኝ፦ የስልክ ጌም መሥራት። ማንም አላስተማረኝም። ቪዲዮ እያየሁ፣ ያልገባኝን እየደጋገምኩ ለመድኩት። ከቆርቆሮ ጣሪያ ወደ ቆርቆሮ ጣሪያ የምትዘል ድመት ነበረችኝ። ድመቷ ቆንጆ ነች፤ ግን ጣሪያው ላይ ስታርፍ አንዳንዴ ቆርቆሮውን በስታ ወደ ታች ትሰምጥና ትጠፋለች። ለምን እንደሆነ ማወቅ አልቻልኩም ነበር። የሚያስቸኩለኝም አልነበረም፤ የሚጠብቃት ሰው የለም። አክስቴ ስትመጣ ላፕቶፑን አይታ "ለድመት ነው ይሄን ሁሉ የተማርሽው?" ትለኛለች፤ አባቴ ደግሞ "ተያት፣ ሌላ ሰው እኮ ጫት ይቅማል" ይላታል።

ከዕርቁ ማግስት ድመቷን ዘጋኋት። አዲስ ከፈትኩ።

ሰኞ ከሥራ መልስ ነበር። መጀመሪያ የሰብሳቢውን ሆድ ሣልኩ። ከኮቱ ሥር እንዴት እንደሚወጣ፣ ሱሪውን በሁለት አውራ ጣት እንዴት ሽቅብ እንደሚስበው። ቀጥዬ ጋቢውን፣ ፊሽካውን፣ በቀኝ በኩል ብቻ የሚስቀውን አፉን። እጄ እንደዚያ ቀን ታዝዞኝ አያውቅም። በማተሚያ ቤት ሥራዬ ያየሁትን ፊት ሁሉ ማሳመር ነበር የለመድኩት፤ ማስጠላትም እንደምችል ያን ቀን አወቅሁ። ፊቱን ግን አላጋነንኩትም። እንዳለ አስቀመጥኩት። ይበቃ ነበር።

ጨዋታው ቀላል ነው። አንድ ሽማግሌ ውሃ የሞላ ጄሪካን ይዞ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ይወጣል። ጄሪካኑ ከብዶት ይወዛወዛል፤ ከተጣደፈ ይፈስበታል፣ ከዘገየ ባለፊሽካው ይደርስበታል። ባለፊሽካው ከየደረጃው በር ብቅ ይላል። ከያዘው "በሥርዓት!" ይልና ውሃውን ይደፋል። ሽማግሌው እንደገና ከምድር ወለል ይጀምራል።

ድምፁን ከራሱ ነው የወሰድኩት። አንድ ጠዋት ሰልፉ ላይ ሲጮህ ስልኬን በረንዳው ጠርዝ ላይ አድርጌ ቀዳሁት። "በሥርዓት!" ሲል፣ ፊሽካውን ሲነፋ፣ ጉሮሮውን ሲጠርግ። ውሃው ሲደፋ የሚሰማውን ድምፅ ግን ከማንም አልወሰድኩም፤ ራሴ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ጄሪካን ደፋሁ። ለዚያ ድምፅ ስል የሳምንቱን ውሃ ጨረስኩ። አባቴ ከውጪ "ምንድነው?" አለ። "ምንም" አልኩ። እንደዚያ ቀን ዓይነት ጉርርታ እስኪወጣ ደጋገምኩት።

ሥራ ከመግባቴ በፊት እሠራለሁ፤ ምሳ ሰዓት ላይ እሠራለሁ፤ ታክሲ ሰልፍ ቆሜ በጭንቅላቴ እሠራለሁ። ድመቷን ስሠራ እንዲህ አልነበርኩም። ያኔ ሲደክመኝ እተወው ነበር። አሁን ጥርሴን ነክሼ ነው የምቀመጠው። የሚገርመው፣ ያቺ ድመት ቆርቆሮ በስታ የምትሰምጥበት ምክንያት በዚህ ጊዜ ገባኝ፤ ሰውዬውን ደረጃው ላይ ሳቆመው መፍትሔው በአንድ ጠዋት ተገለጠልኝ። ቂም የማያስተምረው ነገር የለም። አንድ ስህተት ብቻ ሆን ብዬ ተውኩ። ባለፊሽካው አንዳንዴ ግድግዳ ውስጥ ይቀረቀርና ሆዱ ብቻ በዚህ በኩል ወጥቶ ይንቀጠቀጣል። ላስተካክለው ስል አየሁትና ሳቄ መጣ። ይቅር አልኩ።

ስም አልሰጠሁትም። የብሎካችንን ቁጥር አልጻፍኩም። የሠራው ማን እንደሆነም የትም ቦታ አልተጻፈም።

የመጀመሪያውን ሰው በጥንቃቄ መረጥኩ። ከብሎካችን ሥር ፀጉር ቤት አለ። ባለቤቷ የሆሳዕና ልጅ ነች፤ ከሳሎኗ መዝሙር አይጠፋም፤ ያየችውን ነገር ደግሞ ለሰው ሳታሳይ አታድርም። ፀጉሬን ልሠራ ሄጄ፣ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ አስገብታኝ ስትቆም፣ "እስቲ ይቺን ጌም ሞክሪያት" አልኳት።

ስልኬን ተቀበለችኝ። ባለፊሽካው የመጀመሪያው በር ላይ ብቅ ሲል እጇ ቆመ። ቀና ብላ በበሩ ወደ ግቢው አየች፤ ተመልሳ ስልኩን አየች።

"ይሄማ እሱ ነው!"

"ማን?"

"አንቺ! እሱ ነው እንጂ! ሆዱን እዪው እስቲ!" አለችና ጠረጴዛውን ተደግፋ እየሳቀች ቁጭ አለች። "ማነው የሠራው?"

"እኔ ምን አውቄ። ከሰው ነው ያገኘሁት።"

ትክ ብላ አየችኝ። አወቀች። "ጌታ ይቅር ይበለኝ" አለች፤ "ግን አንዴ ልድገመው።"

በዚያው ሳምንት የፀጉር ቤቷ ደንበኛ ሁሉ ካስክ ውስጥ ሆና ያንን ትጫወት ጀመር። ከእነሱ ወደ ባሎቻቸው፣ ከባሎቻቸው ወደ ሱቁ፣ ከሱቁ ወደ ታክሲ ተራው ሄደ። አንድ ጠዋት ጀሞ ታክሲ ስሳፈር ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "በሥርዓት ግቡ! በሥርዓት!" ሲል ሰማሁ፤ በሰውዬው ድምፅ፣ በሰውዬው ዜማ። ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ እስከ ሀይሌ ጋርመንት ድረስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ ሰው ፈገግታዬን እንዳያይ። እንዲህ ዓይነት ደስታ አላውቅም ነበር። ተመርቄም፣ ሥራ አግኝቼም እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሰብሳቢው መጨረሻ ነው የሰማው። መጀመሪያ ያየሁት ለውጥ ፊሽካው ላይ ነው። ሲነፋ ከሰልፉ መሀል አንድ ሰው ይስቃል፤ ሌላው ተከትሎት ይስቃል። እሱ ዞር ሲል ሁሉም ጄሪካኑን ያያል። "በሥርዓት" ሊል አፉን ይከፍታል፤ ከኋላ አንዱ ቀድሞት ይልለታል። ሙድ ያዙበት። በር ላይ ወንበር ማውጣት ተወ። ዳቦ ቤት ሲሄድ በሰፊው መንገድ ሳይሆን በሌላው ብሎክ ዞሮ መሄድ ጀመረ። እኔ ከበረንዳዬ ላይ ሆኜ እከታተለዋለሁ። አባቴ ከቤት ያልወጣበትን እያንዳንዱን ቀን በዓይኔ ከሰውዬው ላይ እየቆረጥኩ የምወስድ ይመስለኝ ነበር።

በመጨረሻ ስብሰባ ጠራ። ሰው እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም፤ የቆመው ከተቀመጠው ይበልጣል። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። የፀጉር ቤቷ ባለቤት ፊት ለፊት ተቀምጣለች።

"ስሜ ጠፍቷል" አለ ሰብሳቢው። ድምፁ ከወትሮው ቀጭን ነበር። "በስልክ እኔን የሚያዋርድ ነገር ሠርተው ያሰራጩ አሉ። ሕግ አለ። ፖሊስ አለ። ማን እንደሆነ አሁን ብትነግሩኝ ይሻላል።"

የፀጉር ቤቷ ባለቤት እጇን አወጣች። በጣም በትሕትና ነው የተናገረችው።

"ይቅርታ፣ ስለዚያ ስለ ጌሙ ነው የሚሉት? እኛኮ እርስዎ መሆንዎን አላወቅንም። ስም የለውም።"

ሰው መሳቅ ፈለገና ራሱን ያዘ።

"እኔ ነኝ እንጂ! ፊቴ ነው! ድምፄ ነው!"

"እንዴ" አለች። "ጌሙ ውስጥ ያለው ሰውዬ ግን ሽማግሌ እያባረረ ውሃ የሚደፋ ነው። እርስዎ የሽማግሌ ውሃ ደፍተው ያውቃሉ እንዴ?"

ያን ጊዜ የሰውዬውን ፊት ያየሁት ያህል የራሴን ፊት አይቼ አላውቅም። አፉ ተከፈተ፤ ተዘጋ። አዎ ቢል አለቀለት፣ አይ ቢል ጌሙ ስለ እሱ አይደለም። ዓይኑ ሽማግሌዎቹን ፈለገ፤ ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን ያያሉ። ከኋላ አንድ ሰው "ደፍቷል!" አለ። ሌላው "እኔም አይቻለሁ፣ ከመስኮት" አለ። ያኔ መስኮት ከፍቶ ዝም ያለው ሁሉ አሁን አፍ አወጣ። ለእነሱም ያለኝ ቂም አልጠፋም፤ ግን ያን ቀን ዝም አልኳቸው፣ እየሠሩልኝ ስለነበር።

ሰብሳቢው ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ጣለና ወጣ። ሁለተኛ ፎቅ የምትኖር ነርስ ቁልፉን እንድትይዝ ተመረጠች።

እየሮጥኩ ወጣሁ። ለአባቴ ልነግረው ነበር፤ ያን ሁሉ ጊዜ ምንም አልነገርኩትም፣ ሲያልቅ እንደ ስጦታ ላቀርብለት። በሩን ስከፍት አልጋው ጠርዝ ላይ የእኔን የድሮ ስልክ ይዞ ተቀምጧል። የድሮውን ስልክ ለመሞከሪያ ነበር የምጠቀምበት፤ ጌሙ እሱ ላይ ነበር። ስልኩ ውስጥ ሰብሳቢው "በሥርዓት!" አለ። ውሃው ጉርር አለ። አባቴ ቀና ሳይል "ሽማግሌው እኔ ነኝ?" አለኝ።

"አዎ" አልኩ።

"ማንከሴን እንኳ አልተውሽም።"

"አባዬ…"

"ቆይ።" እንደገና ጀመረ። በወፍራም አውራ ጣቱ ሽማግሌውን እየነዳ ሁለተኛ ፎቅ ደረሰ፣ ተያዘ፣ ውሃው ተደፋ። ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ሊያለቅስ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ግንባሩ ላይ ግን ያየሁት ሌላ ነገር ነው፤ ልጅ ሳለሁ መኪናው ሲበላሽበት፣ ያበላሸበትን ሰው ሲረግም የሚይዘው ፊት።

"ለምንድነው ሁልጊዜ የምሸሸው?" አለኝ። "ልጄ፣ ጌም ከሆነ አይቀር፣ ለምን እኔ አልደፋበትም?"

እኔ አባቴ ተሰብሮ ቤት የዋለ መስሎኝ ነበር። ለካ እሱም እዚያ ተቀምጦ ጥርሱን ሲያፋጭ ነው የከረመው። የእኔ ቂም ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባኝ።

በዚያው ሳምንት መጨረሻ አብረን ተቀመጥን። አባቴ ላፕቶፕ ነክቶ አያውቅም፤ ግን ማዘዝ ያውቅበታል። ሽማግሌው ሳይያዝ አራተኛ ፎቅ ከደረሰ ጄሪካኑን በረንዳ ላይ ያወጣል፤ ሰብሳቢው ከታች ቆሞ ፊሽካ ይነፋል፤ ያኔ ይዘቀዝቅበታል። እንደዚህ ሠራሁት። አባቴ አየና ራሱን ነቀነቀ። "ቶሎ አለቀ። የእኔ ቶሎ አላለቀም።" አረዘምኩት። "ጋቢው ይርጠብ፣ ይክበደው።" አረጠብኩት። "ይሮጥ እንጂ! ምን ቆሞ ያየናል?" እንዲሮጥ አደረግሁ። "ይውደቅ።" እንዲወድቅ አደረግሁ፤ በሆዱ። አባቴ ደጋግሞ ደፋበት። ከዚያ ሳቀ። ከዕርቁ ወዲህ ድምፁን ሰምቼው የማላውቀው ሳቅ ነበር፤ እያስለው፣ ጉልበቱን እየመታ። በማግስቱ ጠዋት ባርኔጣውን አድርጎ ዳማ ሊጫወት ወረደ።

አዲሱ ከአሮጌው በላይ ተሰራጨ። አሁን ያልደረስኩበት ቦታ ሁሉ ደረሰ። ከሌላ ብሎክ፣ ከለቡ መብራት ኃይል፣ ከማላውቀው ሰፈር ሁሉ "ይሄ የኛ ሰብሳቢ ነው፣ ማን ነገራችሁ?" የሚል መልእክት በፀጉር ቤቷ ባለቤት በኩል ይደርሰኝ ጀመር። እውነቱን ለመናገር ይሄ አናደደኝ። እኔ የሣልኩት አንድን ሰው ነው። ያን ሰው፣ ያን ሆድ። የእኔን ጠላት እያንዳንዱ ወስዶ የራሱ አደረገብኝ።

ትንሽ ቆይቶ ሽማግሌዎቹ መጡ። ያው ሦስቱ። በዚህ ጊዜ የላካቸው ሰብሳቢው ነበር፤ ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ የሚደፋበትን ሽማግሌ ሲያይ ጌሙ ከየት ቤት እንደወጣ ገብቶታል። ደረጃውን ወጥተው ሲደርሱ ደክሟቸዋል፤ አባቴ አስቀመጣቸው፣ እኔ ሻይ አቀረብኩ። ዋናው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰውዬው ተጎድቷል፣ ሚስቱ ገበያ መውጣት አፍራለች፣ ጌሙ ከስልክ ይጥፋለት፣ ለሰላም ሲባል።

መልስ በአፌ ሞልቶ ነበር። አባቴ በእጁ አስቆመኝ።

"መጀመሪያ" አላቸው፣ "ያን ቀን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ አይደል? እሱን መልሱልኝ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። "ይቅርታ ደግሞ እንዴት ይመለሳል?"

"እናንተ ናችሁ ከእኔ ወስዳችሁ የሰጣችሁት። እኔ ምን አውቃለሁ። መልሱልኝና እንነጋገራለን።"

ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ በር ተንኳኳ። ሰብሳቢው ነው። ጋቢ የለውም፣ ፊሽካ የለውም። አራት ፎቅ ወጥቶ ትንፋሽ አጥሮታል፤ ቃል ለማውጣት የበሩን መቃን ይዞ ቆየ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው፤ ግባ አላለውም። እኔ ከኋላ ሆኜ ትንፋሹን እሰማለሁ። ይድከም ብዬ ጸለይኩ።

"አባባ" አለ። "አንቱ" አለ። "ይቅር ይበሉኝ። ያን ቀን… ማድረግ አልነበረብኝም።"

አባቴ የበሩን እጀታ ያዘ።

"ሰምቻለሁ" አለና በሩን ዘጋው።

"ይቅር አልከው ማለት ነው?" ስል ጠየቅሁት።

"ሰምቻለሁ ነው ያልኩት።"

ጌሙን አላጠፋሁትም። አባቴም አጥፊው አላለኝም።

ከክረምቱ በኋላ ሰብሳቢው ቤቱን አከራይቶ ወጣ። አይሱዙ መጥቶ ከብሎኩ ፊት ቆመ፤ ጫኚዎቹ ሶፋውን፣ አልጋውን፣ ቁም ሳጥኑን እላዩ ላይ ቆለሉት። ሰውዬው ከታች ሆኖ ያዛል፤ እጁን ያወናጭፋል፤ ድምፁ ግን አይሰማም። አባቴና እኔ በረንዳ ላይ ነን። አባቴ የበረንዳውን ብረት ተደግፎ ጭነቱን በሹፌር ዓይን ይመረምራል። መጨረሻ ላይ ፍሪጁን ከኋላ ጫፍ ላይ አቆሙትና በአንድ ዙር ገመድ አሰሩት።

"ፍሪጁ ይወድቃል" አለኝ አባቴ። "በዚያች ገመድ የመጀመሪያውን አቀበት አይወጣም።"

መኪናው ሞተሩን አስነሳ። ሰውዬው ጋቢና ገባ።

"ልንገራቸው?" አልኩት።

አባቴ መልስ ከመስጠቱ በፊት ገመዱን ደግሞ አየ።

"ተያቸው" አለ።